እርሾ ሲከዳ

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት እርሾ አያጣም። ሊጡ ቦክቶ አናቱ ላይ የጠለለው ቢጫ ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ ካለቀም ከጎረቤት ይመጣል። አንዳንዴ ታዲያ ያው ጤፍ፣ ያው ውሃ፣ ያው እጅ ሆኖ ሊጡ እምቢ ይላል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ብርዱ ነው፣ ወይ ዱቄቱ፣ ወይ አቡኪዋ። «እርሾው ራሱ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። ይህን ጥያቄ አጥብቀው የጠየቁት፣ ጠይቀውም ላቦራቶሪ የገቡት፣ ከወተት የሚኖሩ አገሮች ናቸው። ታሪካቸው ከእንግሊዝ ተነስቶ በዴንማርክ አድርጎ ኒውዚላንድ ይደርሳል። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ወተት የሚያረጋ ባክቴሪያ አለ፤ የወተቱን ስኳር እየበላ አሲድ ይሠራል። ቺዝ ከመበላሸት የሚተርፈው በዚህ አሲድ ነው። አሲዱ ከዘገየ ሌላ ክፉ ጀርም ቦታውን ይይዛል፤ ያ ደግሞ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሰውን የማሳመም ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ እርሾው የትናንት አሬራ ወይም የትናንት እርጎ ነበር። የትናንቱ ደህና ከሆነ የዛሬውም ደህና ይሆናል። የትናንቱ ውስጥ ክፉ ከገባ ግን ለዛሬም፣ ለነገም፣ ለከነገ ወዲያም ይወረሳል።

ባክቴሪያውን ለብቻው የለየው ሰው ቅቤ ሻጭ ሳይሆን ቀዶ ሐኪም ነው። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ በማጽዳት ስሙ የገነነ እንግሊዛዊ ነው። ቁስል የሚመግለው በጀርም ነው እያለ ሲከራከር፣ ወተት የሚረጋውም በአንድ የታወቀ ጀርም መሆኑን ማሳየት ፈለገ። ባክቴሪያን ለያይቶ ማብቀያ ጠጣር ምግብ ያኔ ገና አልተለመደም፤ ሮበርት ኮክ ዘዴውን ያሳየው በ1881 ነው። ሊስተር የረጋ ወተት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ቆጠረ። ከዚያ በአንድ ጠብታ ውስጥ ቢበዛ አንድ ባክቴሪያ ብቻ እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ ውሃ አቀጠነው። ጠብታዎቹን የተፈላ ወተት ባለባቸው ብርጭቆዎች ውስጥ አደረገ። አንዳንዱ ረጋ፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። የረጋው ብርጭቆ ውስጥ ያለው ዘር ሁሉ ከአንዲት ባክቴሪያ የወረደ ነው ማለት ነው። ይህን ያሳተመው በ1878 ነበር። ባክቴሪያዋን ዛሬ ላክቶኮከስ ላክቲስ ይሏታል።

ከሊስተር ብርጭቆ እስከ ቅቤ ፋብሪካ ያለውን መንገድ የጠረጉት ዴንማርኮች ናቸው። ምክንያቱ እንጀራ ነው። ከባሕር ማዶ የሚገባ ርካሽ እህል ገበያቸውን ሲሰብረው ገበሬዎቹ ፊታቸውን ወደ ላም አዞሩ፤ ከ1882 ጀምሮ የኅብረት ሥራ ወተት ቤቶች አቋቋሙ፤ ቅቤውንም ለእንግሊዝ ሸጡ። የብዙ ገበሬ ወተት አንድ ቦታ ሲከማች ደግሞ የአንድ ቀን ክፉ እርሾ የመንደሩን ሁሉ ድካም ይዞ ይሄዳል። ኮፐንሃገን የነበረው ተመራማሪ ቪልሄልም ስቶርክ በ1890 መልስ ይዞ ብቅ አለ፤ ክሬሙን አሙቆ በውስጡ ያለውን ጀርም መግደል፣ ከዚያም ከጥሩ ክሬም ተለይቶ የተራባውን ባክቴሪያ መጨመር።

ከዚህ በኋላ እርሾ ማዘጋጀት የላቦራቶሪ ሙያ ሆነ። በጥጥ የተደፈነ ጠርሙስ፣ በእንፋሎት የተቀቀለ ወተት፣ በእሳት የተለበለበ ሽቦ። ከትንሿ «እናት እርሾ» ወደ ትልቁ ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ ወደ በርሚል፣ ከበርሚሉ ወደ ገንዳ፤ በየቀኑ። ጉድለት ግን አልጠፋም። አንዷ ባክቴሪያ ብቻዋን የሠራችው ቅቤ ይኮመጥጣል እንጂ አይሸትም። በ1919 በዴንማርክ፣ በሆላንድና በአሜሪካዋ አይዋ ያሉ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ምክንያቱን ደረሱበት። መዓዛውን የሚሰጡት የወተቱን ሲትሪክ አሲድ የሚጠቀሙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ለቅቤ ቅልቅል ይሻላል ተባለ። (የኛም የእንጀራ እርሾ የብዙዎች ማኅበር ነው፤ ባክቴሪያውም ይስቱም አብሮ ይኖርበታል።)

አሁን ኒውዚላንድ እንግባ፤ ታሪኩ የሚጥመውም እዚህ ነው። የ1930ዎቹ ኒውዚላንድ ቼዳር ቺዝና ቅቤ በመርከብ ወደ እንግሊዝ እየላከች የምትኖር አገር ነበረች። በዚያ ዘመን የቺዙ አንዱ ችግር መሳሳቱ ነበር፤ ሲቆረጥ ውስጡ ክፍት ክፍት ሆኖ ይታያል። ፓልመርስተን ኖርዝ ባለው የወተት ምርምር ተቋም የሚሠራው ሂው ዋይትሄድ ጥፋቱን በቅልቅሉ እርሾ ውስጥ ጋዝ በሚያወጡት ባክቴሪያዎች ላይ አገኘው። መፍትሔው ግልጽ መሰለ፤ ጋዝ የማታወጣ አንዲት ዝርያ መርጦ እሷን ብቻ ማራባት። ቺዙ ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ ግን ትናንት ደህና የነበረ እርሾ ዛሬ ገንዳ ሙሉ ወተት ላይ ተጨምሮ፣ ሰዓቱ እየሄደ፣ አሲዱ አልነሳ ይላል።

በ1935 ዋይትሄድና የሥራ ባልደረባው ኮክስ ወንጀለኛውን አስታወቁ። ባክቴሪዮፌጅ ነው፤ በአጭሩ ፌጅ፣ ባክቴሪያን የሚበላ ቫይረስ። ፌጅ ባክቴሪያ በማያልፍበት ማጣሪያ ያልፋል፤ የተጣራው ፈሳሽ ጤነኛ እርሾ ውስጥ ጠብ ካለ እርሾውን ይፈጀዋል። አንዱ ፌጅ አንዷ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባና ሰዓት ሳይሞላ በደርዘን የሚቆጠሩ ልጆቹን ይዞ ያፈነዳታል። ብዙው ዓይነት ወተት ተፓስቸራይዝ ሲደረግ እንኳ አይሞትም። ዋና ማደሪያው አጓቱ ነው፤ ከአጓቱ በብናኝ ተነስቶ በአየር ወደ እርሾው ክፍል ይገባል።

የሚገርመን ይሄ ነው። ፌጅ ምርጫ ያበዛል፤ አንዱን ዝርያ የሚገድለው ጎኑ ያለውን ላይነካ ይችላል። የድሮው ቅልቅል ከፊሉ ቢሞት ከፊሉ ሥራውን ይጨርሳል። ንጹሑ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነውና አንድ ላይ ያልቃል። ላቦራቶሪው እርሾውን ይበልጥ አስተማማኝ ለማድረግ የለፋው ልፋት እርሾውን ይበልጥ ተጋላጭ አደረገው። ዋይትሄድ ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። አንድ ፌጅ ሁሉንም የማይገድላቸውን ዝርያዎች ለየብቻ እያራባ በተራ አስገባቸው፤ የዛሬው ነገ አይደገምም። የእርሾው ክፍል ከአጓቱ ራቀ፤ ዕቃው በክሎሪን ታጠበ። በ1950ዎቹ ደግሞ እንግሊዞች ፌጅ ለመጣበቅ የሚያስፈልገውን ካልሲየም በፎስፌት የሚይዝ የእርሾ ምግብ አዘጋጁ።

ከጥቃቱ የሚተርፉ ጥቂት ባክቴሪያዎች ሁልጊዜም ነበሩ። የተረፉበት አንዱ ምክንያት የታየው በ2007 ነው። ዳኒስኮ በተባለው የዴንማርክ ኩባንያ የሚሠሩት ሮዶልፍ ባራንጉ፣ ፊሊፕ ኦርቫትና ባልደረቦቻቸው የእርጎ ባክቴሪያን በፌጅ አስጠቁ። የተረፉት ከፌጁ ዲኤንኤ ቁራጭ ወስደው የራሳቸው ዲኤንኤ ውስጥ ሰክተው አገኟቸው፤ ጠላት ተመልሶ ሲመጣ የሚያውቁት በዚያ ነው። ይህ ክሪስፐር የሚባለው ነገር ነው። ኤማኑኤል ሻርፐንቲየርና ጄኒፈር ዳውድና ይህን የባክቴሪያ መከላከያ ጂን መቁረጫ መሣሪያ አድርገው በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የቺዝ ገንዳ ጣጣ ከዚያ ይደርሳል ብሎ ማን ጠረጠረ!

ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች እናት እርሾ ማሳደጉን ብዙውን ትተውታል። እርሾው በበረዶ ደርቆ ወይም ቀዝቅዞ በፓኬት ይመጣል፤ ፓኬቱ ተቀዶ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ይገባል። አጓቱ ግን አሁንም በየጊዜው ይመረመራል። የፌጁ ቁጥር ከፍ ማለት ሲጀምር በማግስቱ የሚቀደደው ፓኬት ሌላ ዝርያ የያዘ ነው።