«ትልቁን ያዝ፣ ትንሹን ልቀቅ»፦ ሚዛኑ በማን እጅ ነበር?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የሃን ሥርወ መንግሥት ዋና ሚኒስትር የነበረው ቢንግ ጂ በመንገዱ ላይ ሰዎች ተደባድበው፣ የሞተውና የቆሰለው ወድቆ አየ። ምንም ሳይጠይቅ አለፈ። ጥቂት እንደሄደ ግን ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ በሬ ሲያጋጥመው ሠረገላውን አስቁሞ፣ በሬው ምን ያህል መንገድ እንደተነዳ አስጠየቀ። የበታቾቹ በነገሩ ተደንቀው ሲወቅሱት፣ ጠብን መዳኘት የከተማው ሹም ሥራ መሆኑን አስረዳቸው። በሬ ሙቀት ሳይበረታ፣ ገና በጸደይ ካለከለከ ግን የወቅቶች ሥርዓት ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህም አገርን የሚጎዳ በመሆኑ የዋና ሚኒስትሩ ድርሻ ነው። «ቢንግ ጂ ስለ በሬው ጠየቀ» የሚለው አባባል ከዚህ ታሪክ የተገኘ ነው።

ከባዱን ከቀላሉ ስለመለየት የሚናገሩ የቻይና አባባሎች ብዙ ናቸው። «ሰሊጥ ለቅሞ ሐብሐብ ጣለ» የሚለው በጥቃቅኑ ተጠምዶ ዋናውን ያጣውን ይወቅሳል፤ «ሥሩንና ጫፉን ገለበጠ» የሚለውም ቅደም ተከተል ያዛባውን። ሁሉም ሚዛን መኖሩን እንደ ተራ ነገር ይቀበላሉ፤ ሚዛኑን የያዘው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። መንገድ ላይ ለወደቁት ሰዎች ቤተሰቦች ከበሬው ትንፋሽ የሚከብድ ሐዘን ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህ ጥያቄ የሚሊዮኖች ጉዳይ ሆነ። በርካታ የቻይና የመንግሥት ድርጅቶች በኪሳራ ይሠሩ ነበር፤ ጉድለታቸውን የሚሸፍኑት የመንግሥት ባንኮችም በማይመለስ ብድር ተጨናንቀው ነበር። የተመረጠው መፍትሔ በአራት ቃላት ተጠቃለለ፦ «ጁዋ ዳ፣ ፋንግ ሺያው»፤ ትልቁን ያዝ፣ ትንሹን ልቀቅ። መመሪያው በ1995 ተቀባይነት አግኝቶ፣ በሴፕቴምበር 1997 በተካሄደው 15ኛው የኮሚኒስት ፓርቲ ጉባኤ ጸና። ግዙፎቹ ተጠናክረው በመንግሥት እጅ ይቆያሉ፤ ትናንሾቹ ይሸጣሉ፣ ይከራያሉ፣ ወደ አክሲዮን ይዛወራሉ ወይም ይከስማሉ።

በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው ጁቼንግ ከተማ በዚህ መንገድ ቀድማ ሄዳ ነበር። መሪዋ ቼን ጓንግ አብዛኞቹን የከተማዋን ድርጅቶች፣ በዋነኛነት ለራሳቸው ሠራተኞች፣ በመሸጡ «ሁሉን ሸጦ የጨረሰው ቼን» የሚል ቅጽል ወጣለት። «ጓንግ» የሚለው ስሙ «ምንም ሳይቀር» የሚል ትርጉምም ስላለው ቀልዱ ሰመረ። በ1996 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዡ ሮንግጂ ራሳቸው ከተማዋን ጎበኙ።

በሒሳብ መዝገብ ሲታይ ስሌቱ አሳማኝ ነበር፤ ትናንሾቹ ድርጅቶች በቁጥር ብዙ፣ በገቢ ግን ጥቂት ነበሩ። ይሁን እንጂ የቻይና ፋብሪካ ደመወዝ ብቻ አልነበረም የሚከፍለው። መኖሪያ ቤት፣ ሕክምና፣ መዋእለ ሕፃናትና ጡረታም በእርሱ በኩል ይገኙ ነበር። መዝገቡ ትንሽ ያለው ለሠራተኛው የኑሮው መሠረት ነበር። በ1995 ከ110 ሚሊዮን በላይ የነበረው የከተማ የመንግሥት ተቀጣሪ ቁጥር በ2002 ከ75 ሚሊዮን በታች ወረደ። ለተቀናሾቹ «ሺያጋንግ»፣ ማለትም «ከሥራ መደቡ የወረደ»፣ የሚል ስም ተሰጣቸው። ለከተማ ድሆች የሚሰጠው ዝቅተኛ የኑሮ ድጎማ በሻንጋይ በ1993 ቢጀመርም፣ አገር አቀፍ ደንብ የወጣለት በ1999 ነው፤ ቅነሳው ከተስፋፋ በኋላ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ የዳቺንግ ታሪክ ነው። የዳቺንግ የነዳጅ መስክ ከ«ትልቁ» ወገን ነበር፤ መንግሥት አልለቀቀውም። ሆኖም በማርች 2002 በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሰናበቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ አደባባይ ወጡ። ድርጅቱ ተይዞ ሠራተኛው ተለቅቆ ነበር። ለካ «ትልቅ» የሚለው ቃል ስለ ድርጅቱ እንጂ በውስጡ ስላለው ሰው አይናገርም ነበር።

ማሻሻያው አስፈላጊ አልነበረም ለማለት አልደፍርም። የባንኮቹ ሸክም እውነተኛ ነበር፤ የተለቀቁት ድርጅቶች የሠሩበት ገበያም ለቻይና ዕድገት ድርሻ ነበረው። ክርክሬ ስለ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መልቀቁ ቀደመ፣ መደገፊያው ዘገየ። ስለ አገራችን የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ዝውውር ስንወያይ የቻይናን ተሞክሮ የምንጠቅስ ሰዎች፣ የትኛው ድርጅት ይያዝ፣ የትኛው ይለቀቅ ከማለታችን በፊት፣ የሚለቀቀው ሠራተኛ በማግስቱ ሕክምናውንና ጡረታውን ከየት እንደሚያገኝ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባናል።