ከወላይታ ቀይ አፈር እስከ ሕዋስ መልእክት

በወላይታ ዝሆኔ የያዘው ሰው ለዘመናት ከእግሩ ሕመም ጋር መገለልንም ሲሸከም ኖሯል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው በዘር ይተላለፋል ብሎ ከዚያ ቤት ጋር ጋብቻን ይሸሻል። ሐኪሞችም ቢሆኑ በሽታውን ትንኝ ከምታስተላልፈው የፊላሪያ ትል ጋር ያያይዙት ነበር።

ይህን አስተሳሰብ የለወጡት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚውሉ ሰዎች ንፍፊት ውስጥ የማዕድን ብናኝ አገኙ። በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አሉት። ትል የለበትም፤ የሚመጣው ከአፈር ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱት አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ከወላይታ መርጠው ዘረመላቸውን አነጻጸሩ። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው ውጤታቸው ልዩነቱን ኤችኤልኤ ክላስ ሁለት በሚባሉት ዘረመሎች አካባቢ አሳየ፤ በሽታውም የሰውነት መከላከያ በሆነው በቲ ሕዋስ የሚመራ ብግነት ሊሆን እንደሚችል አመለከተ።

እነዚህ ዘረመሎች የሚያስገኟቸው ፕሮቲኖች የባዕድ ነገርን ቅንጣት ይዘው ለቲ ሕዋስ ያሳያሉ። ቲ ሕዋስ ደግሞ ያየውን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው በፎስፎሪሌሽን፣ ማለትም በፕሮቲን ላይ ፎስፌት በመጨመር ነው። ኤልሲኬ የተባለው ኤንዛይም ለሕዋስ ኃይል ከሚሰጠው ኤቲፒ ላይ ፎስፌት ወስዶ በሕዋሱ መልእክት ተቀባይ የውስጥ ጫፍ ላይ ያኖራል። ዛፕ-70 የተባለው ፕሮቲን እዚያ ይያያዛል፤ ራሱም ፎስፌት ተቀብሎ ይነቃል፤ ተከታዮቹንም ያነቃል። መልእክቱ ኒውክለስ ሲደርስ ብግነት የሚያስነሱ ዘረመሎች ሥራ ይጀምራሉ። ፎስፋቴዝ የሚባሉት ኤንዛይሞች ፎስፌቱን ሲያነሱ መልእክቱ ይቆማል። ፎስፌት ሲጨመርና ሲነሳ የፕሮቲን ሥራ እንደሚለወጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጡንቻ ኤንዛይም ላይ ያሳዩት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

እንግዲህ በሽታው የዘር ድርሻ አለው ማለት እርግማን ነው ማለት አይደለም። ይህ የዘረመል ልዩነት ያለበት ሰው እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ ከበሽታው ይጠበቃል። በወላይታ ሶዶ ሐኪሙ ናታን ባርሎው የመሠረቱት ሞሲ ፉት የተባለው ፕሮጀክት ሕሙማንን እግር በሳሙና ማጠብን፣ ቅባት መቀባትንና ጫማ ማድረግን ሲያስተምር የቆየውም ለዚህ ነው። ልጆቻችንን ገና በጠዋቱ ጫማ እናድርግላቸው፤ የታመመውንም ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አናርቀው።