ምሰሶው ቆመ፤ ሙያተኛውስ?

የመንገድ መብራት ትዝ የሚለን ሲጠፋ ነው። ሲበራማ ማን ሰቀለው፣ ማንስ ይጠግነዋል ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። የዛሬው ጨዋታችን ስለ አምፖሉ ሳይሆን፣ እሱን መትከልና መጠገን ስለሚማረው ለማጅ ነው። ታሪኩ ከለንደን ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1868 ጆን ፒክ ናይት የተባለ የባቡር መሐንዲስ ባመጣው ሐሳብ፣ ከእንግሊዝ ፓርላማ አጠገብ በዓለም የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ተተከለ። ቀን ክንዶቹን እንደ ባቡር ምልክት ይዘረጋል፤ ማታ በጋዝ የሚነዱ ቀይና አረንጓዴ ፋኖሶች ያሳያል። የሚያንቀሳቅሰው ሥሩ የቆመ ፖሊስ ነበር። ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጃንዋሪ 1869፣ ጋዙ አፈትልኮ ፈነዳና ፖሊሱን ክፉኛ ጎዳው። ሐሳቡም ተተወ። የለንደን ሰው የትራፊክ መብራት እንደገና ያየው በ1920ዎቹ ነው፤ ያኔ ግን በኤሌክትሪክ። ፖሊሱ ጸጥታ ማስከበር ያውቅ ይሆናል፤ ጋዝ ግን የሌላ ሰው ሙያ ነው። ዕቃው ከባለሙያው ቀድሞ መንገድ ላይ ወጣ ማለት ነው።

እንግሊዞች ለሙያ ልምምድ እንግዳ አልነበሩም። በ1563 የወጣ ሕግ ሰባት ዓመት ከባለሙያ ሥር ያልተለማመደ ሰው በሙያው እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ይህ ግዴታ በ1814 ተነሣ። ስለዚህ በ1881 ጎዳልሚንግ የምትባል ትንሽ ከተማ መንገዷን በኤሌክትሪክ ስታበራ፣ ያ የልምምድ ግዴታ አልነበረም።

ነገሩ ውሎ አድሮ ችግር አመጣ። አንዱ ድርጅት ገንዘብና ጊዜ አፍስሶ ልጅ ያሠለጥናል፤ ሌላው ደመወዝ ጨመር አድርጎ ይወስድበታል። ታዲያ ማን ሞኝ ነው የሚያስተምር? በ1964 የወጣው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ መልስ የሰጠው ለዚህ ነበር፤ የሥልጠና ቦርዶች ከአሠሪዎች መዋጮ ሰብስበው ለሚያስተምረው እንዲከፍሉ አደረገ። አብዛኞቹ ቦርዶች በ1980ዎቹ ቢፈርሱም ሐሳቡ አልሞተም። በ2017 ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ አሠሪዎች ላይ 0.5 በመቶ የልምምድ መዋጮ ተጥሏል።

ዛሬ እዚያ አገር የመንገድ ኤሌክትሪክ ራሱን የቻለ የልምምድ ሙያ ነው። ለማጁ ከምሰሶው ግርጌ ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ ፊውዝ መንቀል፣ ከመንካቱ በፊት ኃይሉ መቋረጡን በመሣሪያ ማረጋገጥ፣ መኪና እየከነፈ ባለበት መንገድ ዳር በማንሻ ቅርጫት ወጥቶ መሥራት ይማራል። ከሁሉ በላይ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ መፈተሽ ይማራል። ይህ ሽቦ ተበጥሶ ኃይል ያለው ሽቦ ብረቱን ከነካ፣ ምሰሶው ራሱ ገዳይ ይሆናል። በክረምት ዝናብ ምሰሶ ተደግፎ ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ ይህን አያውቅም። ማወቅ ያለበት ሌላ ሰው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 391 ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶ ነበር። ተማሪው በከፊል በትምህርት ቤት፣ በከፊል በሥራ ቦታ የሚማርበት የትብብር ሥልጠናም ስሙ የታወቀ ነው። ችግሩ ያለው ሥራ ቦታው ላይ ነው። መሰላል ሲይዝና ሻይ ሲያመጣ የከረመ ተማሪ ወረቀቱ ቢሞላለትም ሙያው አልገባውም። ባለሙያውም አይፈረድበትም፤ ሥራው በቀን ተቆጥሮበት፣ ለማስተማሩ የሚከፍለው ከሌለ ምን ያድርግ?

አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ብዙ አዳዲስ መብራት ተክላለች። እሰየው ነው። መብራት ግን ተተክሎ አያበቃም፤ ዕድሜ ልኩን ጠጋኝ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተማ የመብራት ሥራ ጨረታ ስታወጣ የምሰሶውን ቁጥር እንደምትጽፍ ሁሉ፣ ኮንትራክተሩ የሚያሠለጥናቸውን ልጆች ቁጥርና ለአሠልጣኙ የሚከፈለውንም ውሉ ላይ ትጻፍ። ያስተማረ ይከፈለው፤ ያላስተማረ ይቆረጥበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል፣ የሚታቀፈው ካለ ነው።