ሁለተኛ ጌታ ያገኘ ውሻ
ስለ ወፍ አዳኝ ውሻ አለማመድ ታሪክ ጥቂት ቃል



ይህን ርእስ ያየ ሁሉ «እድርና ውሻ ምን አገናኛቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነትም ነው። ባገራችን ልማድ ውሻ በር ጠባቂ ነው፤ ከደጅ ያድራል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ በቃ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት እዚህ ሚኔሶታ የደረሰ አንድ ጉዳይ እኛን የዚህን ጽሑፍ አዘጋጆች መጻሕፍት እስከ ማገላበጥ አድርሶናልና፣ ያገኘነውን ለአባሎቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካባሎቻችን የአንዱ ጎረቤት የነበሩ አሜሪካዊ አዛውንት ዐረፉ። የእድራችን አባል ባይሆኑም ጎረቤት ጎረቤት ነውና ከቀብራቸው ተገኘን፤ ባለቤታቸውንም ቤታቸው ድረስ ሄደን አጽናናን። እኒህ ሰው በሕይወት ሳሉ አዳኝ ነበሩ፤ የአራት ዓመት ፖይንተርም ትተው ሄዱ። ፖይንተር ጠቋሚ ማለት ነው፤ የዚህ ውሻ ሥራው ወፍ ያለችበትን በሽታ ፈልጎ ማግኘትና ሳይነካት ቀጥ ብሎ ቆሞ ማመልከት ነው። ባለቤታቸው በዕድሜ ምክንያት ሊይዙት ስላልቻሉ፣ ባለቤት ያጡ ውሾች ወደሚቆዩበት ቤት ሊልኩት ሲሉ፣ ከሟቹ ጋር አደን መውጣት የለመደው ወንድማችን «እኔ እወስደዋለሁ» አለ።

ወሰደው። ታዲያ ውሻው ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢጠሩት አይመጣም፤ በሩ ሥር ተኝቶ ወደ ድሮ ቤቱ አቅጣጫ ያያል። የአደኑ ወቅት ሊከፈት ደግሞ አምስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ወንድማችን ተስፋ ቆርጦ «ያደገ ውሻ አዲስ ጌታ አይቀበልም፤ ቅዳሜ ወስጄ ማቆያው አስገባዋለሁ» እስከ ማለት ደረሰ። እኛም «ይህ እውነት ነው ወይ? ያደገ የአደን ውሻ ካንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ይህ የመጀመሪያው አይደል፤ የቀደሙት ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?» ብለን መፈለግ ጀመርን። ከዚህ በታች የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የጥንቶቹ ምክር

ስለ አደን ውሻ ተጽፈው እስከ ዛሬ ከቆዩት መጻሕፍት ከቀዳሚዎቹ አንዱ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በነበረው በግሪካዊው በዜኖፎን ስም የሚታወቀው ነው። ውሾቹ ጥንቸል የሚያባርሩ እንጂ ወፍ የሚፈልጉ አልነበሩም። ሆኖም ሁለት ነገር ይመክራል። አንደኛ፣ የውሻ ስም ለመጥራት እንዲቀል አጭር ይሁን ይላል። ሁለተኛ፣ ውሻውን ጌታው ራሱ ያብላው ይላል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ ውሻ ሳይርበው ቢሰጡት ያ ነገር ከማን እንደመጣ አያውቅም፤ ርቦት ሳለ የሰጠውን ግን ይወዳል ይላል። እንግዲህ አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉትን ግሪኩም በራሱ መንገድ ደርሶበታል ማለት ነው።

ከሱ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የታላቁን እስክንድርን ዘመቻ የጻፈው አርያን ስለ አደን ውሾችም ጽፏል። ሆርሜ የምትባል ውሻ ነበረችው። ይህ የጦርና የመንግሥት ሰው፣ ውሻ ከሰው ጋር ቢተኛ ይሻላል፣ በዚህ ሰው ወዳድ ይሆናልና፤ ደኅና ሲሠራም በስሙ እየጠሩ ማሞገስና መደባበስ ይገባል ሲል ይመክራል። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ ለሚከብደን ለኛ ይህ ሳያስገርም አይቀርም።

የወፍ ውሻ ራሱን ችሎ በዝርዝር ከተገለጠባቸው መጻሕፍት ዋናው ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ የፎዋ ገዥ የነበረው ጋስቶን ፌቡስ በ1387 ማጻፍ የጀመረው የአደን መጽሐፍ ነው። ከስፔን የመጡ ስለሚባሉት የወፍ ውሾች ሲናገር፣ ብዙ ጠባያቸውን ይነቅፋል፤ ጯሂዎችና ረባሾች ናቸው ይላል። ነገር ግን ጌታቸውን አጥብቀው ይወዳሉ፣ በሰው ግርግር መካከል እንኳ ሳይጠፉ ይከተሉታል፣ ጅራታቸውን እየቆሉ ፊት ፊቱ ይሄዳሉ ሲል ያመሰግናቸዋል። መሬት ላይ መተኛት ከተማሩም ቆቅና ድርጭት በመረብ ለመያዝ ይጠቅማሉ ይላል።

ያ የመረብ አደን እንዴት እንደሚሠራ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ካዩስ በ1570 ጽፎታል። ውሻው ሽታውን ሲያገኝ ድምፅ አያሰማም፤ ጎንበስ ብሎ እየተሳበ ይጠጋና ወፎቹ ካሉበት ፊት ለፊት ይተኛል። አዳኙም ከኋላ መጥቶ መረቡን ይጥላል። ሴተር የሚባለው የውሻ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። ኋላ ጠመንጃ ተሻሽሎ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የሚበር ወፍ መምታት ሲለመድ፣ መረቡ እየቀረ፣ ውሻውም እንደመተኛት ፈንታ ቆሞ መጠቆሙ ተፈላጊ ሆነ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ የሥራው ሥር አንድ ነው፦ ውሻው ወፏን አግኝቶ ሳለ አይዘላትም፤ ሰውየውን ይጠብቃል። ሰውየውን ካላመነ ለምን ብሎ ይጠብቀዋል?

ውሻ እንደ ሸቀጥ

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሠለጠነ የወፍ ውሻ ትልቅ ዋጋ ያወጣ ነበር። የእንግሊዙ ኮሎኔል ቶርንተን ዳሽ የሚባል ስመ ጥር ፖይንተር ነበራቸው። ሰር ሪቻርድ ሲሞንስ የሚባሉ ባላባት ይህን ውሻ የገዙት 160 ፓውንድ በሚያወጣ የሻምፓኝና የቡርገንዲ ወይን፣ አንድ በርሜል ቀይ ወይን፣ አንድ ያማረ ጠመንጃና አንድ ሌላ ፖይንተር ሰጥተው ነው። በውሉም ላይ፣ ውሻው አደጋ ደርሶበት ለሥራ የማይበቃ ቢሆን ኮሎኔሉ በ50 ጊኒ መልሰው እንዲወስዱት ተጻፈ። ዳሽ እግሩ ተሰበረ፤ በውሉ መሠረትም ተመለሰ፤ ኮሎኔሉም ለዘር አቆዩት።

ይህን ውል ደጋግመን አየነው። ለእግሩ የሚሆን አንቀጽ አለ፤ ለልቡ የሚሆን የለም። ሁለቱ ባላባቶች ዳሽ ከአዲሱ ጌታ ጋር ይስማማ አይስማማ እንደሆነ ለመጻፍ አላሰቡም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ገበያው ሰፋ። እንግሊዝ በ1831 ባወጣችው የአደን ሕግ፣ ቀድሞ በመሬት ባለቤትነት ተወስኖ የነበረው የማደን መብት ፈቃድ ለሚያወጣ ሁሉ ተከፈተ። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋም የከተማው ሰው በኦገስት 12 ለሚከፈተው የወፍ አደን እስከ ስኮትላንድ ይጓዝ ጀመር። በ1865 በቤድፎርድሻየር ሳውዝሂል የወፍ ውሾች የሜዳ ውድድር ተደረገ፤ አሜሪካም በ1874 በሜምፊስ፣ ቴኔሲ የመጀመሪያዋን አደረገች።

እንግሊዞች በዚያ ዘመን የአደን ውሻን ለሥራ ማሠልጠንን «መስበር» ይሉት ነበር። እኛ ግን ሁለት ቃል አለን፦ ፈረስ ይገራል፣ እንስሳም ሰውም ይላመዳል። መግራት ያንዱ ወገን ሥራ ነው፤ መላመድ ግን የሁለት ወገን ነው። የሚያስገርመው፣ በ1848 ስለ ውሻ «መስበር» ሰፊ መጽሐፍ ያሳተሙት የጦር መኮንን ሃቺንሰን ራሳቸው፣ ስሙ ይሁን እንጂ ምክራቸው ወደ መላመድ ያደላ ነው። ጅራፍን ከማብዛት ይልቅ ትዕግሥትን፣ ሽልማትንና የእጅ ምልክትን ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያው ትምህርትም ወፍ በሌለበት በጸጥታ ይሰጥ ይላሉ።

ሳይንስ ምን አለ?

እዚህ ላይ ወንድማችን «ይሄ ሁሉ ስለ ቡችላ ነው፤ የኔ ውሻ እኮ አርጅቷል» ሲል ተከራከረን። ጥያቄው ተገቢ ስለነበረ ወደ ቅርብ ዘመን ጥናት ተሻገርን።

በ1904 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሩስያዊው ፓቭሎቭ፣ ውሻ ምግብ ከመምጣቱ በፊት ዘወትር የሚሰማውን ምልክት ከምግቡ ጋር አያይዞ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ አሳይቷል። ከሱ ዘንድ የሠራው አሜሪካዊ ሐኪም ጋንት ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ፦ ሰው ገብቶ ሲደባብሰው የውሻው የልብ ምት ቀስ ይላል። ሰው ለውሻ ምግብ አቀባይ ብቻ ሳይሆን ራሱ መድኃኒት ነው ማለት ነው።

በ1997 አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮ የወጣ ጥናት፣ ወደ ማቆያ የገቡ ውሾች የጭንቀት ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከኋለኞቹ ይልቅ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አመለከተ። ወንድማችን «እህል አልቀመሰም» ያለው ሦስት ቀን ትዝ ይበላችሁ። ውሻው ጠልቶት አልነበረም፤ ደንግጦ ነበር እንጂ።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተን በ2001 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። በማቆያ የሚኖሩ ያደጉ ውሾችን ወስደው፣ አንድ የማያውቁት ሰው ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ እንዲያጫውታቸው አደረጉ። ከዚያ በኋላ ውሾቹ ለዚያ ሰው፣ ለሌላ እንግዳ ያላሳዩትን የመቅረብ ጠባይ አሳዩ። እንግዲህ ያደገ ውሻ አዲስ ሰው አይቀበልም የሚለው ወሬ ወደቀ። ልቡ አልተዘጋም፤ የሚያንኳኳ ነው የጠፋው።

ታዲያ ምን ተደረገ?

ወንድማችን ቅዳሜን አሳለፈው። በመጀመሪያ ውሻውን ለእንስሳት ሐኪም አሳየ፤ ክትባቱንም አረጋገጠ። ቀጥሎ ምግቡን በሰሐን ትቶለት መሄዱን ተወና በእጁ ያበላው ጀመር። ውጭ ሲወጡ በረጅም ገመድ እንጂ ፈትቶ አልለቀቀውም፤ መንገዱን ሳያውቅ የተለቀቀ ውሻ ወደ ድሮ ቤቱ ሊሄድ ይችላልና።

ሦስተኛው ነገር ሁላችንንም አሳቀን። ወንድማችን ለካ ውሻውን «ና! ና!» እያለ በአማርኛ ሲጠራው ኖሯል። ከአራት ዓመት እንግሊዝኛ በኋላ ምስኪኑ ከየት ይስማ? የሟቹ ባለቤት ሲጠየቁ፣ ባለቤታቸው ውሻውን የሚጠሩት በሁለት አጭር ፊሽካ እንደነበረ፣ እንዲቆም ሲፈልጉም ለፈረስ የሚባለውን «ዎ» ይሉት እንደነበር ነገሩን። ፊሽካውንም ሰጡን። ከዚያ ወዲያ ወንድማችን አስቀድሞ «ና» ይላል፣ ወዲያው ፊሽካውን ያስከትላል፣ ሲመጣም ያበላዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፊሽካው ሳይነፋ በ«ና» ብቻ ይመጣ ጀመር። አዲሱ ቃል ይቀድማል፣ የታወቀው ይከተላል፤ ፓቭሎቭ ያሳየው መንገድ ይኸው ነው።

ስለ ጠመንጃ ድምፅም አልቸኮለም። ውሻው ከአዲስ ሰው ጋር ሆኖ ቢደነግጥ፣ ፍርሃቱን ከዚያ ሰው ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ስለዚህ ውሻው ሲበላ ወይም ሲጫወት ከሩቅ ቀለል ያለ ድምፅ እያሰማ፣ ካልደነገጠ ብቻ ትንሽ ትንሽ እያቀረበ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መጠቆሙን ግን ማስተማር አላስፈለገም፤ ያ በዘር የመጣና በአራት ዓመት ልምድ የጠነከረ ነው። የሚቀረው ለማን ብሎ እንደሚጠቁም ነበር።

አደኑ በኦክቶበር ሲከፈት ወንድማችን ጠመንጃውን እቤት ትቶ፣ ገመዱን ብቻ ይዞ ወደ ሜዳ ወጣ። እኛም ሁለት ሆነን ተከተልነው። ረጅም ሣር ውስጥ ገብተን ብዙ ሳንሄድ ውሻው ድንገት ደረቀ፤ አንድ የፊት እግሩ ተንጠልጥሏል፣ ጅራቱ ቀጥ ብሏል። ወንድማችን ቀስ ብሎ «ዎ» አለ። ፌዘንት የሚሉት ጭራ ረጅሙ ወፍ ሣሩን እየደበደበ ብድግ አለና በረረ። ተኩስ የለም። ውሻው ወፉን በዓይኑ ሸኝቶ ዘወር አለ፤ የሟቹን ቤት አቅጣጫ ሳይሆን የወንድማችንን ፊት አየ። ገመዱን በያዘው እጅ ላይ የነበረውን መንቀጥቀጥ እኛ አይተናል፤ እሱ ግን «ብርድ ነው» አለ።

የሟቹ ባለቤት ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ፊሽካውንም አልመልስ አሉን። እድር ሰውን ቀብሮ አይበተንም፤ የቀረውን ያያል። በዚያ ቤት ከቀሩት አንዱ ይህ ውሻ ነበር። ካባሎቻችን መካከልም ከሟች ቤት ወይም ከማቆያ ያደገ ውሻ የሚወስድ ቢኖር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት አይቶ እንዳይፈርድ አደራ እንላለን። እኛም ወደዚህ አገር ስንመጣ ለሰው ባዳ ላገር እንግዳ ነበርን፤ በሦስት ቀን አልለመድንም።