ትንሹ ተሽከርካሪና ክፍቱ ሰማይ

ጦርነትን አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ የትናንት ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያ ሠራዊት መቶ አለቃ ጌኦርግ ፎን ራይስቪትስ ያሻሻለውን በካርታ ላይ የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ለመኮንኖች ማሠልጠኛነት ተቀበለ። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ውጊያ መጽሐፍ አሳተመ። ደራሲው የሰው ልጅ የጦርነት ፍላጎቱን በቤት ወለል ላይ በጨዋታ እንዲወጣው ይመኝ ነበር፤ ይሁንና በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተቀጣጠለ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አምሳያ መሥራት ከጨዋታነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል 500,000 የአይሮፕላን አምሳያዎችን እንዲሠሩለት የሀገሩን ተማሪዎች ጠየቀ። መጠናቸው የእውነተኛው አይሮፕላን 1/72 ነበር። በዚህ ልክ የተሠራ አምሳያ በ10 ሜትር ርቀት ሲታይ፣ በ720 ሜትር ላይ የሚበር አይሮፕላንን ያህላል። በመሆኑም ተኳሹ ወዳጁን ከጠላቱ መለየት የተማረው ከተማሪ እጅ በወጣ ቁራጭ እንጨት ነበር።

ይኸው መጠን ከጦርነቱ በኋላም በፕላስቲክ አምሳያዎች ዘንድ ጸንቶ ቆየ፤ የጠረጴዛ ላይ ጦርነት ተጫዋቾችም ከዚያ ያነሱትን የ1/300ና የ1/285 የብረት አምሳያዎች ወደዱ። አይሮፕላኑን የሚተኩሰው ተሽከርካሪም ከነዚሁ ጋር ለጠረጴዛ በቃ። ከሚወደዱት አንዱ፣ ጀርመኖች «ቪርብልቪንት» ማለትም ዐውሎ ነፋስ ያሉት አየር መቃወሚያ ነው። እውነተኛው ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ሲሆን በ1/72 ወደ 8፣ በ1/285 ወደ 2 ሴንቲሜትር ይወርዳል።

ይህ ተሽከርካሪ የኃይል ምልክት መስሎ ቢታይም የተወለደው ከድካም ነው። በ1944 የጀርመን አየር ኃይል የገዛ ሠራዊቱን ሰማይ መጠበቅ ተስኖት ነበር። ስለዚህ ለጥገና ከግንባር በተመለሱ ታንኮች ላይ አራት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች ተተከሉ። መድፎቹን የከበበው ባለ ዘጠኝ ጎን የብረት ግንብ ጣራ የለውም፤ ተኳሾቹ ሰማዩን ማየት፣ ጭሱም መውጣት ነበረበትና። አምስት ሰዎች በሚያገለግሉበት በዚህ መሣሪያ፣ በግንቡ ውስጥ ያሉት ራሳቸውን ለጥይትና ለፍንጣሪ አጋልጠው ይዋጉ ነበር። ከጀርባቸው የነበረው የናዚ ጦር ኢንዱስትሪም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የግዳጅ ሠራተኞችን ጉልበት ይመጠምጥ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ሰማይ እንዲተኩስ የተሠራው መሣሪያ አፈሙዙን ዝቅ ሲያደርግ እግረኛውን ያጭዳል። አራት ከባድ መትረየስ የተጠመደበት የአሜሪካኖቹ ኤም 16ም ከ1950 እስከ 1953 በተካሄደው የኮሪያ ጦርነት በሰፊው የዋለው በምድር ላይ ባሉ ሰዎች ላይ ነበር። የጨዋታው ደንብ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይገልጸዋል፤ ተጫዋቹ ዕጣውን ይጥላል፣ የወደቁትን አምሳያዎች ያነሳል፣ ተራውም ለባላጋራው ይደርሳል።

የቀራጩ እጅም የሚናገረው አለ። በ1/285 የ20 ሚሊሜትር መድፍ አፈሙዝ በልኩ ቢሠራ ከክር ቀጥኖ ይሰበራል፤ ስለዚህ ቀራጩ አወፍሮ ያወጣዋል። በዚያው ልክ ሰው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከነጭራሹ ይቀራል። መሣሪያው ከእውነቱ ገዝፎ፣ ሰው ከቦታው ጠፍቶ ይታያል።

ጥፋቱ የአምሳያው አይደለም። የ1942ቱ ተማሪ የቀረጸው እንጨት ተኳሹ ወዳጁን እንዳይገድል አስተምሯል። የዛሬውም ትንሽ ተሽከርካሪ ማስተማር ይችላል፤ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ቢኖር፣ በጠረጴዛው ላይ ያኖረው እጅ ጣራ አልባውን ግንብ ለልጁ ሲያሳይ «እዚህ ውስጥ ማን ነበር? በማንስ ላይ ይተኩስ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው።