ሳይቃኙ መስማት፦ የሐይቅ ውሃና የደቡብ ዋልታ በረዶ

አምባሰል የተራራ ስም ነው፤ የወረዳም ስም ነው፤ የቅኝትም ስም ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ነው። ክራር መቺ ዜማውን ከመጀመሩ በፊት አንዱን ክር ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ያጠብቃል፣ ያላላል። ለቸኮለ አድማጭ ይህ የባከነ ጊዜ ይመስላል። ክሩ ካልተቃኘ ግን ጣት የቱንም ያህል ቢሠለጥን ዜማው ይበላሻል።

ሳይንስም የራሱ ቅኝት አለው። የማይታወቀውን ከመለካት በፊት መሣሪያው በሚታወቅ ነገር ይፈተናል። ይህን ሥራ ጋዜጣ አይዘግበውም፤ ሽልማትም እምብዛም አያገኝም። ዋጋው የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ለዚህ ሁለት ምስክሮች አሉ፤ አንዱ በደቡብ ወሎ፣ ሌላው በምድር ዳርቻ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከአንድ ካህን ይነሳል። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር፤ ዋና ሙያው ግን ከዋክብትን መመርመር ነው። በ1865 በሮማው ጳጳስ መርከብ ላይ ሆኖ ነጭ ዝርግ ሳሕን በገመድ እያሰረ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር አወረደ። ሳሕኑ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀትም መዘገበ። ውሃው ጥሩ ከሆነ ሳሕኑ ሩቅ ወርዶም ይታያል፤ ከደፈረሰ ቶሎ ይጠፋል። ይህ ቀላል ዘዴ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል፤ የሚጠራውም በእሱ ስም ነው።

ሳሕኑ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የሐይቅ ውሃም ወርዷል። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በድሮዎቹ ልኬቶች ሳሕኑ እስከ 9 ሜትር ገደማ ወርዶ ይታይ ነበር። በ1970 ባክስተርና ጎሎቢች የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ሐይቁ ውሃ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በ1978 ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ዓሣ ምግብ ነው፣ ገቢም ነው፤ በሐሳቡ ክፋት አልነበረም። በ1992 ኤልሳቤጥ ከበደና የሥራ ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ግን ሳሕኑ የሚሰወረው 1 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ተገኘ። ውሃው በጥቃቅን አልጌ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ያው ዓሣ ነው፤ አልጌውን የሚግጡትን ትልልቅ የውሃ ነፍሳት ዓሣው ሲበላቸው፣ አልጌው ያለ ከልካይ ይበዛል።

በሁለቱ ጥናቶች መካከል 22 ዓመት አለ። መጋረጃው በየትኛው ዓመት እንደወረደ፣ ዓሣው ስንት እጅ እንዳጠፋ፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው አፈር ስንት እጅ እንዳደፈረሰ ከሁለት ነጥብ ተነስቶ መለየት ይከብዳል። ሆኖም የድሮው 9 ሜትር ባይመዘገብ ኖሮ ይህን ያህልም አይታወቅም ነበር። በ1992 ሐይቁን ያየ ሰው ከጥንትም አረንጓዴ ነበር ብሎ በደስታ ባለፈው ነበር።

አሁን ወደ ደቡብ ዋልታ። ኒውትሪኖ የምትባል እጅግ ረቂቅ ቅንጣት አለች፤ ምድርን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቃ የምታልፈው ምንም ሳትነካ ነው። ከስንት አንዴ ግን ከአንድ አቶም ጋር ትጋጫለች፤ ያን ጊዜ በጥሩ በረዶ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ይፈጠራል። ብልጭታውን ለመያዝ ሳይንቲስቶች ሰፊና ጨለማ የሆነ፣ ብርሃን ግን የሚያሳልፍ ስፍራ ፈለጉ፤ የዋልታውን በረዶም መረጡ።

አማንዳ የተባለው የመጀመሪያው ሙከራ በ1993 እና 1994 መካከል መሣሪያዎቹን ከ800 እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ቀበረ። ከዚያ ከላይ በቀጭን የብርጭቆ ክር የሌዘር ብርሃን ተላከ፤ በረዶው ምን ያህል እንደሚያሳልፈው ለማየት። መልሱ መራራ ነበር። በረዶው የአየር አረፋ ሞልቶበታል፤ ብርሃኑ እንደ ጭጋግ ውስጥ ፋኖስ ይበተናል። ቅኝቱ ባይኖር ኖሮ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ዓመታት ሙሉ የተሳሳተ ነገር ይመዘገብ ነበር። ቡድኑ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ1,500 ሜትር በታች ወረደ፤ እዚያ የበረዶው ክብደት አረፋዎቹን ጨፍልቆ ብርሃን ወደማይበትን ክሪስታል ለውጧቸዋል።

በዚህ ትምህርት ላይ በ2010 መጨረሻ አይስኪዩብ ተጠናቀቀ። በ86 ገመዶች ላይ የተንጠለጠሉ 5,160 የብርጭቆ ሉሎች ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀብረዋል። እያንዳንዱ ሉል ብርሃን የሚቀበል ዓይን አለው፤ አጠገቡም 12 ትናንሽ ኤልኢዲ መብራቶች አሉት። አንዱ ሉል ለቢሊዮንኛ ሰከንዶች ያህል ብልጭ ሲል ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ብርሃኑ መቼ እንደተለቀቀና ከየት እንደተነሳ ይታወቃል፤ ስለዚህ ስንት ዘግይቶ፣ ስንት ተዳክሞ እንደደረሰ ሲታይ የሚገለጠው የበረዶው ጠባይ ነው። ክራር መቺው አንዱን ክር ነክቶ ሌሎቹን በእሱ እንደሚያስተካክለው መሆኑ ነው።

በረዶው በዚህ መንገድ ብዙ ተናገረ። ከ2,000 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ብርሃን የሚያፍን የጥንት አቧራ ንብርብር አለ። ብርሃን በረዶው በሚንሸራተትበት አቅጣጫ ከሌላው አቅጣጫ ይልቅ ርቆ ይደርሳል። እነዚህ ሳይታወቁ የኒውትሪኖዋ ጉልበትም ሆነ የመጣችበት አቅጣጫ በትክክል አይሰላም። በ2013 ቡድኑ ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ የመጡ ኒውትሪኖዎችን ማስረጃ አቀረበ። በመስከረም 2017 የተያዘችው አንዲት ኒውትሪኖም 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ወደሚርቅ ጋላክሲ አመለከተች። ዓለም ስለ ጋላክሲው አወራ፤ ጣቱ በትክክል እንዲያመለክት ያደረጉት ግን እነዚያ ትናንሽ መብራቶች ናቸው።

መመዝገብ ለሐይቅ ባዕድ አይደለም። ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የመጻሕፍት ማዕከል ነበር፤ እሳቸው ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የገዳሙን አበምኔቶች ተራ ያሳተሙት በ1970 ነው፤ የባክስተር የውሃ ጥናት በወጣበት በዚያው ዓመት። የአበምኔቶቹ ተራ ሊታወቅ የቻለው መነኮሳቱ በብራና ላይ ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ስለነበራቸው ነው። ለ300 ዓመት ገደማ ማን ከማን በኋላ እንደተሾመ ይታወቃል። ከገዳሙ ሥር ያለው ውሃ ግን በየትኛው ዓመት እንደደፈረሰ አይታወቅም።

የዋልታው ሥራ ብዙ ገንዘብና የብዙ አገር ትብብር ጠይቋል። የሐይቁ የሚጠይቀው ነጭ ሳሕን፣ ገመድ፣ ጀልባና ደብተር ነው፤ በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳያቋርጥ። እንቦጭ፣ ማዳበሪያና ደለል የብዙ ሐይቆች ስጋት በሆኑበት ጊዜ ነገ ሌላ ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ አንዱ ሐይቁ ተበላሸ ይላል፣ ሌላው ድሮም እንዲሁ ነበር ይላል። ያን ቀን የሚዳኘው ዛሬ በደብተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው።