ከእንግዳነት ወደ ደንበኛነት

እንግዳን በክብር መቀበል በአገራችን የቆየ ልማድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለዚሁ ልማድ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ነገር ግን ከእንግዳ ቀጥሎ የመጣ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የሚበላ፣ «ደንበኛ» የምንለው ሌላ ሰው አለ። ይህ ሰው ከየት እንደ መጣና ምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚገባው ያሰብንበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው ምግብን በዋጋ ገዝቶ መብላት በአገራችን እንዴት እንደ ተለመደ፣ ልማዱም ወደ አዊ ምድር፣ ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ ዘልቆ ዛሬ ምን መልክ እንደ ያዘ ነው። ነገሩን የምናነሣው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በእንጅባራ ከተማ በአንድ ፒዛ ቤት የደረሰብን ነገር አንድ ጥያቄ ስላሳደረብን ነው። ጥያቄውም፣ ከፍለን በበላንበት ቤት ቅሬታችንን ለባለቤቱ ሳንናገር ውጭ ወጥተን የምናማው ስለ ምንድን ነው? የሚል ነው።

በቀደመው ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ተናግሮ ማደሪያ ይለምን ነበር። ባለቤቱም እግሩን አሳጥቦ፣ ከቤቱ ያለውን አቅርቦ፣ መኝታ ሰጥቶ ያሳድረዋል። ለዚህ ዋጋ መጠየቅ ነውር ነበር። እንግዳውም በበኩሉ ወጡ ጨው በዛበት፣ እንጀራው ደረቀ ብሎ መናገር ነውር ነበር። የተሰጠውን በልቶ፣ መርቆ፣ በማለዳ መንገዱን ይቀጥላል። በመንግሥት ትእዛዝ ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ድርጎ የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ ይኸውም የአገሬው ሰው እንጀራውን፣ ማሩን፣ ሙክቱን እንዲያቀርብ በሹም ይታዘዝ ነበር። ድርጎ ለሚበላው ክብር ሲሆን ለገበሬው ሸክም ነበር። እንግዲህ አንደኛው በፈቃድ፣ ሁለተኛው በግዴታ ይሁን እንጂ፣ በሁለቱም መንገድ የበላ ሰው አይከፍልም፤ ያበላም ሰው ዋጋ አይቀበልም።

ይህን ስንል ሕዝቡ ንግድን አያውቅም ነበር ማለታችን አይደለም። የስኮትላንድ ተወላጅ የነበረው ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ በመጣ ጊዜ፣ የአገው ሰዎች በብዙ ሆነው ከብት፣ ማር፣ ቅቤና ሰም እየያዙ ወደ ጎንደር እንደሚሄዱ ጽፏል። ስለዚህ የአዊ ምድር ሰው ከጥንት ጀምሮ ገበያን የለመደ ነጋዴ ነው። በየከተማውም ጠላና ጠጅ የሚሸጥባቸው ቤቶች ነበሩ። ሆኖም ማሩና ቅቤው ለገበያ ቢወጣም፣ ማዕድ ግን ከገበያ ውጭ ሆኖ ቆየ። ጥሬው ይሸጣል፤ የበሰለው ይሰጣል፤ ልማዱ ይህ ነበር።

ይህን ልማድ በይፋ የለወጠው በአዲስ አበባ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የእቴጌ ሆቴል ነው። ቤቱን ያቋቋሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እንደሚተረከው፣ ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ሰው ሁሉ ገብቶ ለመብላት አፈረ፤ ምግብ በገንዘብ መብላት የሚበላውንም የሚያበላውንም የሚያዋርድ ይመስለው ነበርና። በዚህ ጊዜ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ዋጋውንም ከፈሉ። መኳንንቱም በየተራቸው ባልንጀሮቻቸውን እየጋበዙ መክፈልን ተለማመዱ ይባላል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውም ሊታወስ ይገባል። የሆቴሉና የአዋጁ ነገር ከአንድ አሳብ የሚመነጭ ይመስለናል። ይኸውም ሠርቶ ዋጋ መቀበል ውርደት አይደለም፤ ለሠራ ሰው ዋጋ መክፈልም ውርደት አይደለም የሚል ነው።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ልማድ ወደ ጎጃም እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ዳንግላ በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቆንስላ የሚገኝባት ከተማ ነበረች። በዚያ በቆንስልነት የተሾመው ሮበርት ቺዝማን ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲያገለግል የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ መረመረ፤ ስለዚሁም የጻፈው መጽሐፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ታተመ። ይህ ሰው ጉዞውን ያደረገው ድንኳኑንና ስንቁን በበቅሎ አስጭኖ፣ አሽከሮቹን አስከትሎ ነበር። እንግዲህ የቆንስል ማዕረግና ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ በየመንገዱ ከፍሎ የሚበላበት ቤት ተስፋ አድርጎ አይነሣም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጠላት ወረራ ሆነ። ጠላት በአርበኞች ተጋድሎና በወዳጅ ጦር እርዳታ ተባርሮ ቢወጣም፣ ከምግቡ አንዳንዱ ከስሙ ጋራ በአገራችን ቀረ። ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ ማኪያቶ ዛሬ ከቋንቋችን የገቡ ቃላት ናቸው። ቀጥሎም የአውቶቡስ ጉዞ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ በየአውራ ጎዳናው ዳር ሾፌርና መንገደኛ ምሳውን በጥድፊያ የሚበላባቸው ምግብ ቤቶች በዙ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ እነዚህ ሁለት ከተሞች መንገደኛን ማብላት ከሥራዎቻቸው አንዱ ሆነ። በአዲስ አበባም በ1961 ዓ.ም. የሆቴል ሥራ ማሠልጠኛ ተቋቁሞ፣ ማስተናገድ በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆኑ ታወቀ።

ፒዛም የመጣው በዚሁ በኢጣልያን ምግብ ፈለግ ነው። አገሩ ናፖሊ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የድኾች ምግብ ነበረ፤ ሠራተኛው ሕዝብ በመንገድ ላይ ገዝቶ የሚበላው ቂጣ ማለት ነው። ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰዎች ይዘውት ሄደው በዓለም ሁሉ ከታወቀ በኋላ፣ የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ሙያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በእኛም አገር ሲደርስ የእኛን ልማድ ለበሰ። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ስለ በዛ፣ ቺዝ የሚሉት የፈረንጅ አይብ ሳይገባበት በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ የሚጋገር «የጾም ፒዛ» ተፈጠረ። ፒዛው በሳህን ቀርቦ እያለም ወዳጅ ለወዳጁ ቆርሶ ማጉረሱን አልተወም።

እነሆ፣ አሁን ወደ እንጅባራ እንመለስ። በቀድሞ ስሙ ኮሶበር ይባል የነበረው ይህ ከተማ የአዊ ዞን መቀመጫ ነው። ወደ ቻግኒ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልበት፣ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመበት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሩቅም ከቅርብም ሰው የሚሰበሰብበት ስለ ሆነ፣ ከፍሎ የሚበላ ሰው አይጠፋበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ አራት የመሥሪያ ቤት ባልንጀሮች በአንድ ረቡዕ ማታ ከከተማው ወደ አንዱ ፒዛ ቤት ገባን። ሁለታችን ጾመኞች ስለ ነበርን አንድ የጾም፣ አንድ የፍስክ ፒዛ አዘዝን። ብርዱ የሚያንዘፈዝፍ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። አንዱ ባልንጀራችን ሰዓቱን፣ ሌላው የወጥ ቤቱን በር ሲያይ ቆየ፤ ይሁን እንጂ የጠየቀ የለም። በመጨረሻ ምግቡ ሲመጣ ሁለቱም ፒዛዎች አይብ የተደረገባቸው ሆነው ተገኙ፤ ሊጡም መካከሉ በቅጡ አልበሰለም። ያቀረበልን ልጅ ገና ለጋ ወጣት ነበር፤ ሳህኖቹን አስቀምጦ ፈጥኖ ሄደ። ጾመኞቹ ሻይ ጠጣን፤ ሁለቱ ባልንጀሮቻችን ከዳር ከዳሩ ቆርሰው በሉ። ሒሳብ ስንከፍል ልጁ «ጋሼ፣ ምግቡ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። እኛም «በጣም ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን ጉርሻ ጨምረን ወጣን።

ከደጁ ከወጣን በኋላ ግን እስከ ቤታችን ድረስ ያላወረድነው እርግማን አልነበረም። በማግሥቱም በመሥሪያ ቤት ላገኘነው ሁሉ አወራን። የሰማው ለሌላው አወራ፤ ከእኛ መሥሪያ ቤት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቀረ።

ወር ካለፈ በኋላ የቤቱን ባለቤት በገበያ አገኘናት። ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ «ምነው ጠፋችሁ? ምን አስቀየምናችሁ?» አለች። በዚያን ጊዜ ተሸማቀን የሆነውን ሁሉ ነገርናት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ፣ «ያን ማታ መብራት ጠፍቶ ምድጃው ቀዝቅዞብን ነበር፤ አፍሬ አልነገርኋችሁም። ልጁም ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበረ። ብትነግሩኝ ኖሮ ሌላ አሠርቼ አበላችሁ ነበር እንጂ ገንዘባችሁን አልቀበልም ነበር። እናንተ ጥሩ ነው ብላችሁ ሄዳችሁ፤ እኔም ጥሩ መስሎኝ ቀረሁ» አለችን። ልጁ እንዴት እንደ ሆነ ስንጠይቃት፣ ገበያው ስለ ቀዘቀዘ አሰናብታው እንደ ነበረ ነገረችን። ከዚህ በላይ የምንለው ስላልነበረን ተሰናብተናት ሄድን።

ይህ ነገር ከአሳባችን አልጠፋም። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ስንመረምር፣ እርስዋ መብራት መጥፋቱን ያልነገረችን በኀፍረት ነው፤ እኛ ጥሬ ሊጥ መብላታችንን ያልነገርናት በይሉኝታ ነው። ሁላችንም በሳህኑ ላይ ያለውን የዛሬ ዘመን ምግብ ያስተናገድነው በአባቶቻችን የእንግድነት ሥርዓት ነው። እርስዋ ጋባዥ፣ እኛም ተጋባዥ መስለን ተቀመጥን። ነገር ግን ተጋባዥ የሚናገረው ምስጋና እውነት የሚሆነው ዋጋ ሳይከፍል ስለ በላ ነው። ከፍሎ የበላ ሰው ያልተሰማውን ምስጋና ቢናገር ግን ለሻጩ ሐሰተኛ ሚዛን እንደ ሰጠ ይቆጠራል። ሻጩ በዚያ ሚዛን ተመርቶ ነገም ያንኑ ጥሬ ሊጥ ያቀርባል።

ቋንቋችን ግን ከእኛ የበለጠ አስተዋይ ሆኖ እናገኘዋለን። በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ ንግድ ሠራ ማለት ነው። ነጋዴም፣ እንግዳም፣ አስተናጋጅም፣ መስተንግዶም ከዚሁ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ንግድና እንግዳ መቀበል በቃሉ ውስጥ ጠላቶች አይደሉም። «ደንበኛ» የሚለውም ቃል «ደንብ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ደንብ ያለው፣ በሥርዓት የሚሄድ ማለት ነው። ደንቡም ሁለቱን ወገን የሚያስር ነው። «ጉርሻ»ም በአንድ በኩል ወዳጅ ለወዳጁ የሚያጎርሰው፣ በሌላ በኩል ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ገንዘብ ስም ነው። እኛ ለዚያ ልጅ በገንዘብ አጎረስነው፤ ስሕተቱን አርሞ በሥራው የሚጸናበትን ቃል ግን ነፈግነው።

ሕጋችንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ባለቤትና የደንበኛው ግዴታ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ጽፏል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚረዳው የሚናገረውን ሰው ነው። በይሉኝታ ዝም ብሎ በሐሜት የሚበቀልን ሰው የትኛውም አዋጅ ሊረዳው አይችልም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ቅሬታ መናገር የጨዋ ልጅ ሥራ ነውን?» ይለን ይሆናል። እኛ ቅሬታ ስንል በአስተናጋጅ ላይ መጮኽን፣ በገንዘብ መኩራራትን፣ ድኻ ሠራተኛን በሰው ፊት ማዋረድን ማለታችን አይደለም። ይህ ዓይነቱ ነገር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ የተከለከለው ስድብ ታናሽ ወንድም ነው። የምንለው ነገር ቀላል ነው፦ ባለቤቱን ወይም አስተናጋጁን ጠርቶ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ አልበሰለም፤ እኛ ያዘዝነው የጾም ነበር» ማለት ነው። ባለቤቱም በበኩሉ መብራት ሲጠፋበት «ዛሬ ይዘገያል፤ ትታገሡናላችሁ?» ቢል የሚዋረድ መስሎ ሊታየው አይገባም። እውነቱ ተነግሮን ቢሆን ኖሮ ያን ማታ አንድ ሰዓት ቀርቶ ሁለት ሰዓት ልንቆይ እንችል ነበር።

የእቴጌ ሆቴል በተከፈተ ጊዜ የቀደሙት ሰዎች ያሸነፉት ከፍሎ የመብላትን ኀፍረት ነው። ለእኛ ዘመን የቀረልን ደግሞ ከፍሎ የመናገርን ኀፍረት ማሸነፍ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ንጉሥና መኳንንት በምሳሌነት ጀመሩት፤ ሁለተኛውን ግን እያንዳንዱ ሰው በተቀመጠበት ገበታ ሊጀምረው ይችላል። እኛም ከዚያ ወዲህ ወደዚያው ቤት ተመልሰን በልተናል። ሊጡ በስሎ ነበር፤ ጨው ግን በዝቶበት ስለ ነበረ ባለቤቲቱን ጠርተን ነገርናት።